ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ከየት ይጀምር?

ኦፕን ሶርስ የሚለው ቃል ለዲፓርትመንታችን ተማሪ እንግዳ አይደለም። በላብ የምንጠቀምባቸውን ብናይ ፓይተን፣ ማይኤስኪውኤል፣ አፓቺ፣ ፋየርፎክስ፣ ፊልም የምናይበት ቪኤልሲ ሳይቀር ሶርስ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በተጠቃሚነት ብቻ ነው። እናወርዳለን፣ እንጭናለን፣ እምቢ ካለ እናጠፋውና ሌላ እንፈልጋለን። «ይሄን ያበላሸው መስመር የቱ ነው? እኔ ባስተካክለውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ጥቂቶችና እነሱን ለመቀላቀል ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። በየዓመቱ ተመራቂዎች ሲኒየር ፕሮጀክት ይሠራሉ። የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም፣ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲስተም፤ ርዕሶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዶክመንቱ ይጠረዛል፣ ኮዱ በሲዲ ወይም በፍላሽ ገቢ ይደረጋል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ግሩፕ ያንኑ ሲስተም ከዜሮ ይጀምራል። ጉዳዩ የተማሪው ስንፍና አይመስለኝም፤ ሥራው በሌላ ሰው ሥራ ላይ የሚጨመርበት መንገድ ስለሌለ ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው አሠራር በዋናነት ይህንን መንገድ የሚያበጅ ነው።

ስለ ስሙና ስለ ሕጉ

«ነጻ» የሚለው ቃል በእኛም ቋንቋ ሁለት ፊት አለው። «በነጻ ሰጠኝ» ስንል ስለ ዋጋ ነው፣ «ነጻ ወጣ» ስንል ግን ሌላ ነገር ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን ይፋ ሲያደርግ ያሰበው ሁለተኛውን ነው፤ ማለትም ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የማየት፣ የመቀየርና የማካፈል ነጻነት እንዲኖረው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የሊኑክስን ከርነል ጀመረ፤ ኦፕን ሶርስ የሚለው መጠሪያ ራሱ የመጣው ግን በ1998 ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው ኮድ ሁሉ ኦፕን ሶርስ አይደለም። በሀገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ መውሰድ አይቻልም። የሚፈቅደው ላይሰንሱ ነው። ጂፒኤል የተባለው ላይሰንስ «ቀይረህ ለሌላ ካከፋፈልክ ሶርሱንም በዚሁ ላይሰንስ ስጥ» ይላል። ኤምአይቲ የሚባለው ደግሞ «ስሜንና ይህን ጽሑፍ አታጥፋ እንጂ እንደፈለግህ» የሚል ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው ፋይል ላይሰንስ የሚለውን ይሁን። ላይሰንስ የሌለው ፕሮጀክት ላይ ጊዜያችንን ባናጠፋ ይሻላል።

የእኛው ፊደል ታሪክ

ብዙ ተማሪ «ኦፕን ሶርስ የፈረንጅ ሥራ ነው፣ እኛ ምን እንጨምራለን» ሲል ይሰማል። ይህን ለሚል ሰው የፊደላችንን ታሪክ ማስታወስ በቂ ነው። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት በአማርኛ የተጻፈ ፋይል የሚከፈተው የተጻፈበት ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ አይነበብም። ፎንቱ ከሌለ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ዛሬም ይገኛሉ።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለማስተላለፍ ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። ፊደላችን በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ እንዲገባ ዳንኤል ያዕቆብ ከሌሎች ጋር ብዙ ደክሟል። በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። በ2005፣ በ2010ና በ2021 ደግሞ ለሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች፣ ጉራጊኛን ጨምሮ፣ የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። አሁን ሞባይላችን ላይ «ሰላም ነው?» ብለን ስንልክ ማንም ፎንት ጫን የማይለን ለዚህ ነው።

የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዳንኤል ያዕቆብ ድርጅት ሥራ ዛሬም በዓይን የሚታይ ነው። ኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ሶርስ ኮድ ውስጥ የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች አሉ። የቆዩትን ብትከፍቱ ራስጌው ላይ የፋውንዴሽኑን ስምና 2002 ወይም 2003 የሚል ዓመት ታገኛላችሁ። ወረድ ስትሉ ግን ብዙ ባዶ መስመር አለ። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል፣ የአማርኛው ቦታ ክፍት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሚጠብቅ ክፍት ቦታ ማለት ነው!

ትርጉም ቀላል ሥራ ነው?

ለጀማሪ ሁልጊዜ የሚመከረው ትርጉምና ዶክመንቴሽን ነው። ኮድ ስለማይጠይቅ ቀላል ይመስላል፤ ሲሞከር ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ሜኑ ላይ ያለውን የ«ኦፕን» ትእዛዝ እንውሰድ። «ክፈት» ካልን ለወንድ ነው፣ «ክፈቺ» ለሴት፣ «ይክፈቱ» ለትልቅ ሰው። ኮምፒውተሩ ማን ፊቱ እንደተቀመጠ አያውቅም። አንዳንዱ ተርጓሚ «መክፈቻ» ወይም «መክፈት» እያለ ያልፈዋል። እኔ በበኩሌ «ክፈት» አጭርና ግልጽ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ከአንድ ፕሮግራም ውስጥ ግማሹ «ክፈት» ግማሹ «ያስቀምጡ» ከሚል ግን የትኛውም ይሻላል። ስለዚህ ተርጓሚው መጀመሪያ ከእሱ በፊት የነበሩት ምን እንደመረጡ ማንበብ አለበት።

የብዙ ቁጥርም ነገር አለ። የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ክምችት፣ ሲኤልዲአር የሚባለው፣ አማርኛ 0ንና 1ን በነጠላ እንደሚይዝ አስቀምጧል። «0 ፋይል»፣ «1 ፋይል»፣ ከዚያ በላይ «ፋይሎች»። እውነቱን ለመናገር እኛ ገበያ ላይ «አምስት እንቁላል» እንጂ «አምስት እንቁላሎች» አንልም። ይህን የሚያውቅና በምሳሌ አስደግፎ የሚያስረዳ ሰው ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ከጎበዝ ፕሮግራመር እኩል ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር ኦፕን ስትሪት ማፕን ላንሳ። በእንግሊዝ ሀገር በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ፣ የቱ ጋ መኪና እንደሚያልፍና የቱ ጋ በቅሎ ብቻ እንደሚሄድ የሚያውቀው የአንኮበር ልጅ ነው፤ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ይህ አይታይም። የቦታ ስም በአማርኛ መጨመርም ይቻላል። አንድ ክልከላ አለው፤ ከጉግል ማፕ ገልብጦ ማስገባት አይፈቀድም፣ ላይሰንሱ ስለማይገጥም።

አንድ ምሳሌ ከነዝርዝሩ

አሁን ወደ ኮድ እንግባ። እንበል አንድ ኦፕን ሶርስ የፍለጋ ላይብረሪ አለ፣ አማርኛም ይቀበላል። የከተማችንን ስም አንዱ «ደብረ ብርሃን»፣ ሌላው «ደብረ ብርሀን»፣ ሦስተኛው «ደብረብርሐን» ብሎ ይጽፋል። ጣርማ በርና አንኮበርም አንዴ ተነጥለው አንዴ ተገጥመው ይጻፋሉ። «ኃይሌ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሌ» ብለን ብንፈልገው አይገኝም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በሄክሳዴሲማል 1200፣ 1210ና 1280 ላይ የተቀመጡ ሦስት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያገናኛቸውም። ስሙ ያልተገኘ ሰው ሁለተኛ ይመዘገባል፣ ወይም «የለህም» ተብሎ ይመለሳል። በሬጅስትራርም በካርድ ክፍልም ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ኮድ መጻፍ አይደለም። በፕሮጀክቱ የኢሹ መዝገብ ውስጥ ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያነሳ ሰው መኖሩን እንፈልጋለን። ከሌለ አዲስ ኢሹ እንከፍታለን። ጥሩ ኢሹ «ሰርቹ አይሠራም፣ እባካችሁ እርዱኝ» የሚል አይደለም። የትኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ ምን እንዳስገባን፣ ምን እንደጠበቅንና ምን እንደወጣ ይጽፋል። አማርኛ የማይችል ሰው እንዲገባው የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር መጨመርም ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ «ከተስማማችሁ እኔ ልሠራው እችላለሁ» ማለት ጥሩ ነው፤ ሳይስማሙ ሁለት ሳምንት የተደከመበት ኮድ «ይህን አንፈልግም» ሊባል ይችላልና።

ከዚያ ኮዱን ማምጣት ነው። በጊትሀብ ላይ ያለውን ሪፖዚተሪ ፎርክ ስናደርግ በራሳችን አካውንት ሥር ቅጂ ይፈጠራል። ያንን ክሎን አድርገን ወደ ኮምፒውተራችን እናወርዳለን፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ብራንች እንከፍታለን። አንድ መስመር ሳንነካ በፊት ግን ፕሮጀክቱ እንዳለ መገንባቱንና ቴስቶቹ ማለፋቸውን እናረጋግጥ። ይህን የሚዘል ሰው በኋላ ቴስት ሲወድቅበት የራሱ ይሁን የቀድሞው አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሲዳክር ይውላል።

ማስተካከያው ሲታይ ቀላል ነው። ሐ ከሀ በ16 ይርቃል፣ ረድፎቹም ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ 16 ቀንስ። ሠ ከሰ ጋርም እንዲሁ 16 ደምር። አልቋል? አላለቀም። የሐ ረድፍ ስምንተኛ ፊደል ሗ ነው። ከእሷ ላይ 16 ብንቀንስ የሚመጣው ሇ ነው፣ ይህ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ፊደል ነው፤ መሄድ የነበረባት ወደ ኋ ነው። ሌላም አለ፤ በአማርኛ ሀና ሃ፣ አና ኣ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ግዕዙና ራብዑም መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ በሒሳብ ከመደመርና ከመቀነስ እያንዳንዱን ፊደል በሰንጠረዥ መዘርዘር ይሻላል፤ ረዥም ቢሆንም ስሕተቱ በዓይን ይታያል።

ሰንጠረዡን ጨርሰን ስንልክ ከገምጋሚው የሚመጣው ጥያቄ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ያዋጣል። አንዱ የትግርኛ ጉዳይ ነው። ፊደሉ የጋራ ነው፣ ትግርኛ ግን ሀንና ሐን፣ አንና ዐን ለይቶ ይናገራል። የእኛ ማስተካከያ ለግዕዝ ፊደል በሙሉ ከተጫነ የአማርኛን ፍለጋ አሻሽለን የትግርኛን እናበላሻለን። ስለዚህ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ መደረግ አለበት። ሁለተኛው፣ ይህ ለውጥ ለኢንዴክሱ ብቻ እንጂ ለሚታየው ጽሑፍ አይሁን። «ሠረቀ» ወጣ፣ ታየ ነው፤ «ሰረቀ» ሌባ ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። የግዕዝ አስተማሪ አይደለም ያልተማረም ሰው ቢሆን ስሙ ከጻፈው ተለውጦ ሲያይ ደስ አይለውም። የሰውን ስም ሲስተሙ አይጻፍለት፤ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ።

ተመሳሳይ ዓይነት ሥራ በቀን መቁጠሪያም ላይ አለ። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰሉ ብዙ ትናንሽ ላይብረሪዎች «7 ወይም 8 ዓመት ቀንስ» ከሚል ግምት የተነሱ ናቸው። እነሱን ለመፈተን ብዙ ኮድ ማንበብ አያስፈልግም። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2015 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን ዋለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስጡትና የሚለውን እዩ። ደግሞ በፈረንጆች 2100 ላይ ሞክሩት፤ ያ ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 የለውም፣ የእኛ ግን ስለማይዘል ከዚያ ወዲህ እንቁጣጣሽ በመደበኛው ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች። አንድ የወደቀ ቴስት ጽፎ መላክ ብቻውን የተሟላ አስተዋጽኦ ነው።

ፑል ሪኩዌስትና ሰዎቹ

ሥራው ሲያልቅ ለውጡን በኮሚት መዝግበን፣ ወደ ፎርካችን ልከን ፑል ሪኩዌስት እንከፍታለን። ትርጉሙ «ይህን ለውጥ ከእናንተ ቅጂ ጋር ቀላቅሉልኝ» ነው። አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የሆሄ ማስተካከያውን ስንልክ «እግረ መንገዴን» ብለን የሌላውን ሰው ኮድ ስፔስና ታብ ካስተካከልን፣ ገምጋሚው አርባ መስመር ሊያነብ የሚገባው አራት መቶ ይሆንበታል። አንዳንድ ፕሮጀክቶች፣ ሊኑክስን ጨምሮ፣ ኮሚቱ ሥር ስማችንን ጽፈን ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለን እንድናረጋግጥ ይጠይቃሉ። ይህን የሚያስረዳው ኮንትሪቢውቲንግ የሚባለው ፋይል ነው፤ ሰው የማያነበው፣ ግን መነበብ ያለበት።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር። እኛ ያደግነው ትልቅን በማክበር ስለሆነ «ዲር ሰር» ብለን፣ ሦስት መስመር ይቅርታ ጠይቀን ነው የምንጀምረው። እነሱ ጋ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል፣ መልሱም አጭር ነው። «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብሎ የጻፈ ሰው አልተቆጣም፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ለምን እንዳስፈለገ ብቻ ነው። ምክንያታችንን እናስረዳ፣ ትክክል ከሆነ እናስተካክል፣ ካልሆነም በጨዋ ቋንቋ እንከራከር። ዝም ብሎ መጥፋት ነው ነውሩ።

ገምጋሚዎቹ ጥንቁቅ የሆኑበት ምክንያት አላቸው። በማርች 2024 ኤክስዚ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኝቷል። ያስገባው አካል ከሁለት ዓመት በላይ እንደ መልካም ተባባሪ ሲሠራ ቆይቶ የፕሮጀክቱን እምነት ያገኘ ነበር። በ2020 ደግሞ ሃክቶበርፌስት በተባለው የኦክቶበር ዘመቻ ቲሸርት ለማግኘት ብለው አንዲት ቃል ቀይረው የሚልኩ ሰዎች ፕሮጀክቶችን አጥለቅልቀው አዘጋጆቹ ደንቡን እስከ መለወጥ ደርሰዋል። አሁን ደግሞ የመጣው በኤ.አይ. አስጽፎ ሳያነቡ መላክ ነው፤ የከርል ፕሮጀክት መሪ ዳንኤል ስቴንበርግ በዚህ ዓይነት ሪፖርት መሰላቸቱን በተደጋጋሚ ተናግሯል። ኤ.አይ. መጠቀም ክልክል በማይሆንበት ፕሮጀክትም ቢሆን፣ የላክነውን እያንዳንዱን መስመር ስንጠየቅ ማስረዳት ካልቻልን ባንልከው ይሻላል።

መብራትና ኔትወርክ

«ይሄ ሁሉ ኔትወርክ ላለው ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ምን እንደሚመስል አይተናል። ደግነቱ ጊት ከመጀመሪያው የተሠራው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ቶርቫልድስ በ2005 ሲጽፈው እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ታሪኩን በራሱ ኮምፒውተር እንዲይዝ ነው ያሰበው። ብራንች መክፈት፣ ኮሚት ማድረግ፣ የድሮውን ማየት፣ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔት የሚያስፈልገው ስናመጣና ስንልክ ብቻ ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ሲሆን ዴፕዝ 1 ብሎ ክሎን ማድረግ የመጨረሻውን ብቻ ስለሚያወርድ ካርድ ይቆጥባል። አንድ ተማሪ ያወረደውን ደግሞ ጊት ባንድል በሚባለው ትእዛዝ አንድ ፋይል አድርጎ በፍላሽ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ዶርም ውስጥ ፊልም እንደምንቀባበለው ማለት ነው። በአንድ ሰው ኢንተርኔት አምስት ሰው መሥራት ይችላል።

ከተላከ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አብዛኞቹ ገምጋሚዎች ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ አጭር ማስታወሻ መጻፍ ነውር የለውም፤ በየቀኑ መነዝነዝ ግን አይገባም። ለውጡ ተቀባይነት አግኝቶ ሲቀላቀልም ወዲያው ላብ ውስጥ አናየውም። ፕሮጀክቱ አዲስ ቨርዥን ማውጣት አለበት፣ ከዚያ የሊኑክስ ስርጭቶች ይወስዱታል። ኡቡንቱ ለረዥም ጊዜ የሚደገፈውን ቨርዥን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ስለሆነ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የላካት ማስተካከያ ላብ ኮምፒውተሩ ላይ የምትደርሰው እሱ ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ ያኔ ፍሬሽ የነበሩት ልጆች ፊት ሊሆን ይችላል።